የገንቦ ተክል በድሬዳዋና በሐረር፦ ስለ እንክብካቤውና ስለ ፖት ቅየራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለው ቤቴ በረንዳ ላይ አራት የገንቦ ተክሎች ተንጠልጥለዋል። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያያቸዋል። "አቦ፣ ይሄ ነገር እውነት ዝንብ ይበላል?" ብሎ ይጀምራል፤ ወሬው ግን ሁልጊዜ ውሃ ላይ ያልቃል። እኛ አካባቢ ይህን ተክል ቶሎ የሚገድለው ሙቀቱ ሳይሆን ውሃው ነውና። እህቴ ሐረር ጁገል ውስጥ ትኖራለች፤ እሷም ሁለት አላት። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ከሁለታችን በረንዳና ግቢ የመጡ ናቸው።

ለመሆኑ ምን ዓይነት ተክል ነው?

የሳይንስ ስሙ ኔፔንተስ ነው። ሻጮች "ፒቸር ፕላንት" ይሉታል። እኔ ከቅርጹ ተነስቼ የገንቦ ተክል እለዋለሁ። ቅጠሉ ጫፉ ላይ እንደ ክር ይረዝምና የክሩ መጨረሻ አብጦ ክዳን ያላት ትንሽ ገንቦ ይሆናል። ገንቦዋ ውስጥ ተክሉ ራሱ ያመነጨው ፈሳሽ አለ።

ጉንዳኗ አፉ ዙሪያ ያለውን ጣፋጭ ነገር ፍለጋ ትመጣለች። የገንቦው ከንፈር እርጥበት ሲነካው ሳሙና እንደተቀባ ያሟልጫል። ትወድቃለች። የውስጡ ግድግዳም ሰም አለበት፤ መልሳ መውጣት አይሆንላትም። ፈሳሹ ውስጥ ሰምጣ ቀስ በቀስ ትሟሟለች። ተክሉ ከእሷ በዋናነት የሚፈልገው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው፤ በተፈጥሮ የሚበቅልበት መሬት ላይ እነዚህ እጅግ ጥቂት ናቸው። ይህን ያዙልኝ። ድሃ መሬት የለመደ ተክል ነው። ከታች የምለው ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

ክዳኑ ነፍሳት ሲገቡ ይዘጋል የሚሉ አሉ። አይዘጋም። ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ አይንቀሳቀስም፤ ሥራው ዝናብ ገብቶ ፈሳሹን እንዳያቀጥነው መከለል ነው። ጥርስ ያለው አፉን የሚገጥመው ሌላ ተክል ነው።

አገሩ ቦርኒዮ፣ ሱማትራ፣ ፊሊፒንስና አካባቢው ነው። ስሪላንካና ሕንድም አንዳንድ ዝርያ አላቸው። በርቀት ለእኛ ቅርብ የሆኑት የማዳጋስካርና የሲሼልስ ናቸው። የማዳጋስካሩን ፍላኩር የተባለ የፈረንሳይ አስተዳዳሪ እ.ኤ.አ. በ1658 ጽፎበታል፤ ስለዚህ ተክል ከተጻፉት ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

የድሬን ሙቀት ይችላል? ሐረርስ?

ዝርያው ይወስነዋል። ኔፔንተስ በሁለት ይከፈላል፤ ቆላና ደጋ ብንለው እኛ ቶሎ ይገባናል። የቆላዎቹ ቀን 30 ዲግሪ አካባቢ፣ ሌሊትም ከ20 ያላነሰ ይወዳሉ። የደጋዎቹ ቀን 25 አካባቢ ሆኖ ሌሊቱ በደንብ እንዲቀዘቅዝላቸው ይፈልጋሉ። የደጋ ዝርያ ድሬ አምጥታችሁ በግንቦት ሌሊት ስታስጨንቁት ለሁለታችሁም ጥሩ አይደለም።

ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት። ለድሬ ኔፔንተስ ሚራቢሊስን ወይም ራፍልሲያናን ፈልጉ። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፤ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው። ለሐረር ቬንትሪኮሳ ወይም ሳንጉኒያ ጥሩ ነው። የመጀመሪያችሁ ከሆነ ግን ቬንትራታ የሚባለውን ድቅል ውሰዱ። ሁለቱንም ከተማ ይችላል፤ ስህተትም ይታገሣል። የእኔም የእህቴም የመጀመሪያ ተክል እሱ ነው። እንዲያውም የእሷ ከእኔ ተቆርጦ የሄደ ነው፤ አሁን ግን የእሷ ገንቦዎች ከእኔዎቹ ይበልጥ ቀልተዋል። ሐረር ተስማምቶታል።

ድሬ ላይ ከሙቀቱ ይልቅ ደረቁ አየር ነው የሚያስቸግረው። ገንቦ ለማውጣት ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆን የአየር እርጥበት ይፈልጋል። እኔ ሌሎች አበቦቼ መሃል ነው የማንጠለጥለው፤ ተክሎች ተጠጋግተው ሲቀመጡ አየሩን ያረጥቡታል። ከሥሩ ሰፊ ሳህን ላይ ጠጠር አድርጌ ውሃ አፈስበታለሁ። ፖቱ ግን ውሃው ውስጥ አይቆምም፤ ከበላዩ ነው። የቬንትሌተር ንፋስ በቀጥታ አይምታው።

የቧንቧ ውሃ ላጠጣው?

አይሆንም። ይህን ጥያቄ ድሬ ውስጥ የሚጠይቀኝን ሁሉ ውሃ የሚያፈላበትን ማንቆርቆሪያ ከፍቶ እንዲያይ እለዋለሁ። ታች የተጋገረው ነጭ ነገር ካልሲየም ነው፤ በአጭሩ ኖራ። የከተማችን የጉድጓድ ውሃ በኖራ ድንጋይ መሃል አልፎ ነው የሚመጣው። ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለውም ያው ድንጋይ ስላለ ነው። ለእኛ ቡና ማፍያ ይሆናል። ለገንቦ ተክል ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጨው እንደማብላት ነው።

የሚደርሰው ጉዳት ቶሎ ስለማይታይ ነው ሰው የሚሸወደው። ተክሉ ወር ሁለት ወር ደህና ይመስላል። ውሃው ይተናል፣ ማዕድኑ ግን አፈሩ ውስጥ ይቀራል። በሌላኛው ቀን ሌላ ይጨመራል። ከዚያ የአዲሱ ቅጠል ጫፍ ይጠቁራል፤ ገንቦ ማውጣት ያቆማል፤ ሥሩ ይቃጠላል። የእኔ የመጀመሪያው ተክል እንዲህ ነው የሞተው። ሙቀቱ ነው ብዬ ውሃ አበዛሁለት። ባበዛሁለት ቁጥር ቶሎ ገደልኩት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

"አፍልቼ ባቀዘቅዘውስ?" ይሉኛል። ማፍላት ከኖራው ጥቂቱን ማንቆርቆሪያው ላይ ያስቀራል እንጂ ሌላውን አያወጣም፤ ውሃው ሲተንም የቀረው ይወፍራል። ለአንድ ሌሊት ማሳደርም ክሎሪኑን ነው የሚያበርደው። ተራ የቤት ማጣሪያ ደለልና ጀርም ይይዛል፣ ማዕድን አይዝም።

መለኪያው ቲዲኤስ ይባላል፤ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር ያሳያል። በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ በጣም ጥሩ። እስከ 100 ድረስ ኔፔንተስ ይታገሣል። የታሸገ ውሃ የምትገዙ ከሆነ ብዙዎቹ ላይ ቁጥሩ ተጽፏልና አንብቡት። "የማዕድን ውሃ" የሚለውን ግን ለራሳችሁ ጠጡት።

ታዲያ ውሃ ከየት ላምጣ?

ከሰማይ። የዝናብ ውሃ በነጻ የሚገኝ፣ ለዚህ ተክል የተሠራ የሚመስል ውሃ ነው። ድሬ ዝናብ የላትም የሚል አለ። አላት፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይጥላል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ደህና አድርጎ ይመጣል። ሒሳቡን እዩት፦ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 10 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 200 ሊትር ሆነ። አንድ ተክል በሳምንት ሁለት ሊትር ቢጠጣ በዓመት 100 ሊትር ገደማ ነው። አንድ ጥሩ የነሐሴ ዝናብ ሁለት ተክል ዓመት ያከርማል።

ከአሸንዳው ስትቀበሉ የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ አሳልፉት፤ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ነው የሚወርደው። ከሲሚንቶ ጣራ የሚወርደውን አትያዙ፣ ኖራ አለበት። ጀሪካኑ የዘይት ከነበረ በደንብ ይታጠብ። ጥላ ቦታ አስቀምጡት፤ ፀሐይ ካገኘው ይሻግታል። እኔ ስምንት ጀሪካን አለኝ፤ አልጋ ሥር ሁሉ አለ።

ዝናቡ ካለቀባችሁ ሌላ መንገድ አለ። የኤሲ ጠብታ ውሃ ማዕድኑ ትንሽ ነው፤ ማሽኑ ንጹሕ ከሆነ ለመሸጋገሪያ ይሆናል። መለዋወጫ ሱቅ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ዲስትልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃም ይሆናል። እዚህ ላይ ግን በጣም ተጠንቀቁ፦ "የባትሪ ውሃ" ብላችሁ ስትጠይቁ አሲድ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። አሲድ እጃችሁንም ዓይናችሁንም ይጎዳል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ፣ ሳታረጋግጡ አትግዙ።

ከዚህ ተክል ጋር ቢምቢ ይጠፋልናል?

አይጠፋም። ብዙዎች የሚገዙት ለዚህ ነው፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ገንቦ የሚገባው በብዛት ጉንዳን ነው፣ አልፎ አልፎ ዝንብ። የቤት ቢምቢ ለማጥፋት አይበቃም።

እንዲያውም ካልተጠነቀቃችሁ ተክሉ ቢምቢ ያመጣባችኋል፤ የምታጠራቅሙት ውሃ ማለቴ ነው። ድሬ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ፣ በ2019 የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አይተናል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ቢምቢ የምትራባው ቤታችን ባለ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነው፤ በርሜል፣ ባልዲ፣ የአበባ ሳህን። በ2022 ከተማችን ላይ ለተነሣው ወባም ምክንያት የተባለችው ስቴፈንሲ የምትባለዋ አዲስ መጤ ቢምቢ እንዲሁ የተጠራቀመ ውሃ ትወዳለች። ስለዚህ ጀሪካኑ ክዳኑ ይጠበቅ። በርሜል ከሆነ አፉን በወንፊት ወይም በአሮጌ አጎበር ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። የጠጠር ሳህኑን ውሃ በየሦስት ቀኑ ድፉና ሳህኑን ፈግፍጋችሁ አዲስ ጨምሩ፤ እንቁላሉ ጠርዙ ላይ ይጣበቃል። ይህን ማድረግ የማትችሉ ከሆነ የጠጠር ሳህኑ ይቅርባችሁ። ከገንቦ በፊት ጤና።

ፖቱን መቼ ነው የምቀይረው?

በዓመት ተኩል ወይም በሁለት ዓመት አንዴ። ሥሩ በቀዳዳው ከወጣ፣ መትከያው (በአፈር ፋንታ የሚተከልበት ድብልቅ) ተፈጭቶ ጭቃ ከሆነ፣ መጥፎ ጠረን ካለው፣ ወይም ላዩ ላይ ነጭ ጨው ካያችሁ አትጠብቁ።

ለድሬ ጥሩው ጊዜ ዝናቡ አየሩን ካረጠበው በኋላ ነው፤ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም። ግንቦትና ሰኔ ላይ አትንኩት። ሐረር ላይ ከመጋቢት እስከ መስከረም ይቻላል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚበርድ ሥሩ ቶሎ አያገግምም።

ገና ከሻጭ የመጣ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሦስት ሳምንት ቤታችሁን ይልመድ። መንገዱ ራሱ አድክሞታል።

በምን አፈር ልትከለው?

በአፈር አትትከሉት። የግቢ አፈር፣ ፍግ፣ ኮምፖስት፣ ከአበባ ችግኝ ጣቢያ የሚገዛ ጥቁር አፈር፣ አንዱም አይሆንም። ድሃ መሬት የለመደ ተክል ነው ብያችሁ የለ? ሀብታም አፈር ሥሩን ያቃጥለዋል።

የሚፈልገው ውሃ የሚይዝ ግን አየር የሚያሳልፍ፣ ማዳበሪያ የሌለው ነገር ነው። በዓለም ላይ የታወቀው ድብልቅ ግማሽ ስፋግነም የሚባል የደረቀ የዛፍ ሽበት መሳይ ተክል፣ ግማሽ ፐርላይት የሚባል በሙቀት ያበጠ ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ ነው። ስፋግነም ከተገኘ ሌላ አትፈልጉ። ካልተገኘ ኮኮፒት አለ፤ ከኮኮናት ልጣጭ የሚሠራው። የአበባ እርሻዎች ስለሚጠቀሙበት አገር ውስጥ ይገባል። ኮኮፒት ግን ጨው ይኖረዋል። በዝናብ ውሃ አንድ ሌሊት ዘፍዝፉት፣ ጭመቁት፣ ድገሙት። ሦስት ጊዜ። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው በኋላ ይከፍላል።

ለፐርላይት ምትክ ፑሚስ ጥሩ ነው፤ ብሎኬት ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ቀላሉ ድንጋይ። ከስምጥ ሸለቆ ነው የሚመጣው። የጣት ጫፍ የሚያክለውን መርጣችሁ ዱቄቱ እስኪያልቅ እጠቡት። ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ሲሚንቶ የነካውን ግን አታምጡ። ፑሚስ ካጣችሁ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም ፈርፍራችሁ ቀላቅሉ። አያምርም፣ ይሠራል።

የደቻቱን ወንዝ አሸዋ እንጠቀም የሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ። አንድ ፈተና አለ፦ የምትጠቀሙበት አሸዋ ወይም ጠጠር ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከፈላና አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፤ ጣሉት። ጸጥ ካለ በኖራ በኩል ሥጋት የለም። ይህን ፈተና ለማንኛውም ድንጋይ ተጠቀሙበት። አንድ ጠብታ አቼቶ ብዙ ተክል ያተርፋል።

ፖቱ ምን ዓይነት ይሁን?

ፕላስቲክ፣ ከሥሩ ብዙ ቀዳዳ ያለው። የሸክላው ውበት አለው፤ ግን ቶሎ ይደርቃል፣ ጨውም ያጠራቅማል። የሲሚንቶውን ጭራሽ አታስቡት። ቤታችን የለመድነው የዱቄት ወተትና የዘይት ጣሳም ይዝጋል፣ ይቅር። የተቆረጠ ጀሪካን ወይም አሮጌ ባልዲ ታጥቦ ቢበሳ ምንም አይለውም።

ስፋቱ ከቀድሞው ሁለት ሦስት ሣንቲ ሜትር ብቻ ይበልጥ። ይመቸው ብላችሁ ትልቅ ብታደርጉት መሃሉ ረጥቦ ይቀራል፣ ሥሩም ይበሰብሳል።

አቀያየሩን በዝርዝር ንገሪኝ።

አመሻሽ ላይ እሠራለሁ፤ ፀሐይ ከበረደች በኋላ። አንድ ቀን ቀድሜ ተክሉን አጠጣዋለሁ። አዲሱን መትከያ በዝናብ ውሃ አርሼ፣ በእጄ ስጨምቀው ጥቂት ጠብታ ብቻ እስኪወጣ ድረስ አዘጋጀዋለሁ።

ገንቦዎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንዳይፈስ እያንዳንዱ አፍ ላይ ጥጥ ጣል አደርጋለሁ፤ ስጨርስ አወጣዋለሁ። ከዚያ ፖቱን ወደ ጎን አጋድሜ ግድግዳውን ጫን ጫን አደርገዋለሁ። ግንዱን ይዞ መጎተት የለም። እንቢ ካለ ፖቱን በመቀስ ቁረጡት፤ ፖት ይገዛል።

አሁን ሥሩን ታያላችሁ፤ እናም ትደነግጣላችሁ። ጥቁር ነው፣ ቀጭን ነው፣ ፀጉር ይመስላል። "በስብሷል" ብለው ሥሩን ቆርጠው የጣሉ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ። አልበሰበሰም፤ የኔፔንተስ ሥር ተፈጥሮው ጥቁር ነው። የበሰበሰው ሲነኩት እንደ ጭቃ የሚላላና የሚሸት ነው፤ እሱን ብቻ አንሡ። ጤነኛው ጠንከር ያለ ነው፣ ግን በቀላሉ ይሰበራል። ስለዚህ አሮጌውን መትከያ ከሥሩ ላይ ሁሉ ለማራገፍ አትታገሉ። በራሱ የሚረግፈው ይርገፍ፣ ተጣብቆ የቀረው ይኑር። ጨው የበዛበት ከሆነ ብቻ ሙሉውን በዝናብ ውሃ ቀስ አድርጋችሁ እጠቡት።

አዲሱ ፖት ላይ ከሥር ጥቂት አድርጉ፣ ተክሉን ቀድሞ በነበረበት ጥልቀት አቁሙት፣ ዙሪያውን ሙሉ። አትጠቅጥቁ። እንደ ቡና ችግኝ በእግር አይረገጥም። ፖቱን ሁለት ሦስቴ ጠረጴዛው ላይ ነካ ነካ አድርጉትና ራሱ ይቀመጣል። በመጨረሻ ከሥሩ ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ በዝናብ ውሃ አጠጡት። የደፈረሰው ዱቄት ታጥቦ ይወጣል።

ከዚያ ለሁለት ሦስት ሳምንት ጥላ ውስጥ ይሁን። ድሬ ላይ እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት ግልጽ ፌስታል ከላይ ሸፈን አደርግለታለሁ፤ ታችኛው ክፍት ሆኖ አየር ይገባዋል። ፀሐይ ላይ ግን በፌስታል አይሸፈንም፣ ይቀቀላል።

ፖት ከቀየርኩ በኋላ ገንቦዎቹ ደረቁ። ገደልኩት?

አልገደላችሁትም። ገንቦ ሲረበሽ ቶሎ ይደርቃል። መሃል ላይ የሚወጣው አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ከሆነ ተክሉ ደህና ነው። የደረቀውን ገንቦ ብቻ ቁረጡ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ እስከሆነ ይቆይ። አዲስ ገንቦ ለማየት ወር ተኩል ወይም ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መሃል ቦታውን እየቀያየሩ ማመስ ነው የሚጎዳው። ፈሳሹ ከፈሰሰ ገንቦው አንድ አራተኛ እስኪሆን የዝናብ ውሃ ጨምሩለት።

ቅጠሉ ያምራል፣ ገንቦ ግን የለውም። ለምን?

አንድም ብርሃን አንሶታል፣ አንድም አየሩ ደርቆበታል። ሳሎን ጥግ ላይ አይሆንም። የጠዋት ፀሐይ ሁለት ሦስት ሰዓት ቢያገኝ፣ ከዚያ ደማቅ ጥላ ቢሆንለት ይወዳል። ድሬ ላይ የቀን ስድስት ሰዓት ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፤ የጥላ መረብ ዘርጉ። ሐረር ላይ ፀሐዩን ትንሽ ይበልጥ ይችላል። የእህቴ የጁገል ግቢ ግድግዳው ረጅም ስለሆነ ጠዋት ብቻ ነው ፀሐይ የሚገባው። ሆን ተብሎ ለእሱ የተሠራ ይመስላል።

አቧራም አለ። ድሬ ላይ በሳምንት አንዴ ቅጠሉን በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ አብሱት፣ በዝናብ ውሃ።

ሥጋ ልስጠው?

አትስጡ። ሐረር ላይ ማታ ማታ ጅብ በሰው እጅ ሥጋ ሲበላ ያደጉ ልጆች የእህቴን ተክል ሲያዩ መጀመሪያ የሚያስቡት ይህንን ነው። የእህቴ ልጅ አንዴ ጥብስ ጣል አድርጎበታል። ዘይቱና ጨው ያለው ነገር ገንቦውን በሁለት ቀን አበሰበሰው፤ ሽታውም ለጎረቤት ተረፈ። ጥሬ ሥጋም ያው ነው።

ውጭ ከተንጠለጠለ ራሱ ያድናል። ቤት ውስጥ ከሆነ በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ገንቦ አንድ ትንሽ ነፍሳት ይበቃዋል። የሞተም ይሆናል፤ በፍሊት የሞተ ግን አይሆንም። ምንም ሳይበላም ወራት ይቆያል፣ አይራብም፤ እድገቱ ብቻ ይዘገያል።

ቦርኒዮ ላይ ኔፔንተስ ራጃ የሚባል አለ፤ ገንቦው ከሦስት ሊትር በላይ ይይዛል፣ አልፎ አልፎ አይጥ ተገኝቶበታል። የሚገርመው ግን ምግቡን በከፊል የሚያገኘው ክዳኑን ሊልሱ መጥተው እዚያው ከሚጸዳዱ ትናንሽ እንስሳት ነው። እናንተ ቤት ያለው እሱ አይደለም።

ዳፕ ወይም ዩሪያ ትንሽ ብጨምርስ?

ሥሩ ላይ በፍጹም። ትንሽም ቢሆን።

ሳራሴኒያ የሚባለውን አገኘሁ። ልግዛው?

እሱም ገንቦ አለው፣ ከመሬት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በጣም ያምራል። አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። በየዓመቱ ሦስት አራት ወር ብርድ ካላገኘ አይተኛም (እድገቱን አቁሞ አያርፍም)፣ ካልተኛ ደግሞ እየደከመ ይሞታል። ድሬ ላይ አትሞክሩት። ሐረርም ቢሆን ቅዝቃዜዋ አይበቃውም። እንደ ኔፔንተስም አይደለም፤ ፖቱ ሁለት ሦስት ሣንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ቆሞ ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል። አንዱን እንደሌላው የያዘ ሁለቱንም ያጣል።

ለልጆችና ለድመት መርዝ አለው?

የለውም። ፈሳሹ ጣት አይበላም። እኔን የሚያሳስበኝ የተገላቢጦሹ ነው፤ ልጆች ጣታቸውን ይከቱና ገንቦው ይጎዳል። የሰፈራችን ፍየሎች ደግሞ ከማንም ይብሳሉ። ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት።

ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ቅጠሉ ሥር አለ።

ሚሊባግ የሚባል ተባይ ነው። ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ አንድ በአንድ ጥረጉ፣ በየአምስት ቀኑ ድገሙት። ለቡቃያው እጥፋት ልዩ ትኩረት ስጡ፤ እዚያ ነው የሚደበቀው። ጉንዳን ከበዛም ጠርጥሩ፤ ጉንዳን ይህን ተባይ ከሰውነቱ ለሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ሲል ይጠብቀዋል፣ ይንከባከበዋል።

ቆርጬ ማባዛት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ግንዱ ሲረዝም ሁለት ሦስት ቅጠል ያለውን ቁራጭ ውሰዱ፣ ቅጠሎቹን ግማሽ ግማሽ ቁረጡ፣ እርጥብ ስፋግነም ውስጥ ተክላችሁ በተቆረጠ ሃይላንድ ክደኑት። ሁለት ወር ገደማ ታገሡ። የተቆረጠው እናትየውም ከጎን አዲስ ታወጣለች። ዘር ከፈለጋችሁ ግን ተክሉ ወንድና ሴት ለየብቻ ነው፤ ሁለቱም አብረው ማበብ አለባቸው።

ከውጭ የሚመጣ ሰው ቢያመጣልኝስ?

ሻንጣ ውስጥ ደብቆ አይሁን። የኔፔንተስ ዝርያዎች በሙሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት የተመዘገቡ ናቸው፤ ራጃና የሕንዱ ካሲያና ደግሞ በጥብቁ ዝርዝር ውስጥ አሉ። የሳይተስ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ የመግቢያ ፈቃዱም ቀድሞ ይጠየቅ። ወረቀቱ ለቢሮክራሲ ብቻ አይደለም። ከጫካ ተነቅለው የሚሸጡ አሉ፤ አንዳንዱ ዝርያ አንድ ተራራ ላይ ብቻ ነው ያለው። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ የተባዛ መሆኑን ጠይቁ።

ለሁለት ሳምንት ከከተማ ብወጣ ማን ያጠጣዋል?

ጎረቤት። ድሬ ላይ በሙቀቱ ወራት በየሁለት ቀኑ፣ ሐረር ላይ በሳምንት ሁለቴ ይጠጣል። መትከያው እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። አንድ ዓመት ለጎረቤቴ ለእትዬ አደራ ሰጥቼ ወደ አዲስ አበባ ሄድኩ። ጀሪካኑን አሳየኋቸው። እሳቸው ግን የቆየ ውሃ ለአበባ ነውር ነው ብለው፣ ጀሪካኑን ደፍተው ከቧንቧ ንጹሕ ውሃ ቀድተው ሲያጠጡልኝ ቆዩ። እንዴት ብዬ እቆጣለሁ? ከልባቸው ነው ያደረጉት። በቀረችኝ አንድ ጀሪካን የዝናብ ውሃ ፖቱን ሦስት ጊዜ አጥቤ ተረፈልኝ። አሁን ጀሪካኖቹ ላይ በወፍራም ማርከር "የዝናብ ውሃ፣ ለገንቦው ብቻ" ብዬ ጽፌያለሁ። እትዬም ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ከእኔ ቀድመው ባልዲያቸውን አሸንዳው ሥር አቀረቡልኝ።